ከልና ቅቤ

ሸዋጌጥ ከል የገባችው በሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ ነቀምቴን ማታና ጠዋት ሳይል በሚደበድብበት ሰሞን ነበር። በዚያ ወራት ፀሐይ ከደመና በስተጀርባ ተሸሽጋ ስለምትውል ነጭ የለበሰም ጥቁር የለበሰም እኩል ይበርደዋል፤ እኩል ይጨቀያል። ስለዚህ ጥቁር ልብስ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቀችም። የምታውቀው የባሏን ሞት ብቻ ነበር።

ባሏ መሸሻ በቅሎ ጫኝ ነበር። አባቱ ከሸዋ መጥቶ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር የሰፈረ ሰው ሲሆን፣ እሱ ግን እዚያው ተወልዶ አፉን በኦሮምኛ የፈታ የነቀምቴ ልጅ ነው። ከዲዴሳ ቆላ ቡና እየጫነ እስከ አኖ ከተማ ያደርስ ነበር። ኋላ ጣሊያን ለቆ ከወጣ በኋላ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጭነት መኪና በመንገዱ መመላለስ ሲጀምር፣ የበቅሎ ሥራ እየቀጠነ ሄደ። መሸሻም መኪና የማይደርስበትን ቡና ፍለጋ ቁልቁል እየራቀ፣ ቁልቁል እየወረደ፣ አንድ ቀን የቆላ ንዳድ ይዞት ተመለሰ። ብዙ እንኳ አልተኛም።

የከሉን ቀለም ከዓረቡ ሱቅ የገዛችው ታላቅ እህቱ የምሥራች ናት። እኩሌታው የተቆረጠ በርሜል ጓሮ ተጥዶ ውሃው ሲፈላ፣ ቀለሙን በትና የሸዋጌጥን ሁለት ቀሚስና አንድ ነጠላ፣ የራሷንም ጨምራ ከተተች። ከዚያ ጭሱ ዓይኗን እየለበለባት በረጅም እንጨት ታማስል ጀመር። ሸዋጌጥ በሩ ላይ ተቀምጣ ታያለች። «አንዲት ነጭ እንኳ ባስቀር» የሚል አሳብ መጣባት፤ ግን አፏ ቀድሞ አስሯት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ፣ አልቃሾቹ ግጥም ሲያወርዱ፣ ሸዋጌጥ ደረቷን እየመታች፣ «መሸሻዬ፣ በሬ ጥዬ ተዝካርህን ሳላወጣ ነጭ ገላዬን አይነካውም» ብላ ማለች። ማንም አላስማላትም። ሐዘን ሲጠና አፍ ልጓም እንደሌለው በቅሎ ነው፤ በፈለገበት ይሄዳል። የሰፈሩ ሰው ሰማ። የነፍስ አባቷ አባ ዓምደሚካኤል መስቀላቸውን እንደያዙ ሰሙ። ከሁሉ ይልቅ የምሥራች ሰማች። ወለጋ የሰፈረ የሸዋ ሰው ደግሞ ልማዱን ሸዋ ከቀረው ወንድሙ ይልቅ አጥብቆ ነው የሚይዘው፤ አገር ሲርቅ ልማድ አገር ይሆናል።

አርባው በጠላና በንፍሮ አለፈ። «ይሄ እንኳ መታሰቢያ ነው፤ ተዝካሩ ገና ነው» አለች የምሥራች። ዓመቱ ደረሰ፤ በሬ የለም። ሁለተኛው ዓመት መጣ፤ በሬ የለም። ሌሎች ሐዘንተኞች ጊዜያቸውን ጨርሰው ከላቸውን ሲያወልቁ፣ ሸዋጌጥ በገዛ ቃሏ እንደታሰረች ቀረች። አንዲት ልጇ አኖ ተድራ የራሷን ጎጆ ይዛለች፤ እሷን ማስቸገር አልፈለገችም። በሬ ከየት ይመጣል? ከቅቤ። እንዲህ ብላ ነው ቅቤ ንግድ የገባችው።

በዚህ ሥራ ጓደኛዋ ከነቀምቴ ወደ ዲዴሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዲጋ የምትኖረው ወርቂቱ ናት። የወርቂቱ ባል ከመሸሻ ጋር አብሮ ጭኖ አብሮ ያራገፈ ሰው ስለነበር፣ ሸዋጌጥ ዲጋ ስትደርስ የምታድረው እነሱ ቤት ነው። ወርቂቱ የሚሲዮኑ ጸሎት ቤት ሰው ናት፤ ሳቂታ፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ሁልጊዜ ነጭ አቡጀዲ የምትለብስ ሴት። ሸዋጌጥን በአገሩ ማክበሪያ «አዴ» ብላ ትጠራታለች። ሁለቱ ከዲጋ ማልደው ተነሥተው ቁልቁለቱን ይወርዱና፣ ወደ ዲዴሳ መውረጃ ካለው የቆላ ገበያ ቅቤ ገዝተው፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ በቅርጫት አድርገው፣ በጠፍር ያዝሉታል። ከዚያ ዳገቱ ይጠብቃቸዋል። ዳገቱም ቀትሩም አንድ ላይ።

ማለዳ ላይ ከሉ ደግ ነው። ከዲጋ ሲነሡ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ግን ከሁሉ በፊት የሸዋጌጥ ጀርባ ይሞቃል። ወርቂቱ በአቡጀዲዋ ውስጥ ተኮራምታ፣ «አዴ፣ ያንቺ ልብስ ምድጃ ነው፤ እስኪ ጠጋ በይኝ» እያለች ትከሻዋን በሸዋጌጥ ትከሻ ላይ ታሳርፋለች። ሸዋጌጥም በዚያች ሰዓት ልቧ ቀለል ይላታል። መሸሻ ከኋላ ሆኖ ያቀፋት ይመስላታል።

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ግን ያው ልብስ ጠላት ይሆናል። ቀሚሱ ገላዋ ላይ እንደ ጋለ ምጣድ ይግላል፤ ላቡ በጀርባዋ ይወርድና ጨው ሆኖ ነጭ መስመር ሠርቶ ይደርቃል። ጥላ ሲያገኙ ይበርዳል፤ ከጥላ ሲወጡ እንደገና ይነድዳል። በዚያ ዘመን በትምህርት ቤት በሚነበቡት የተፈጥሮ ትምህርት መጻሕፍት ውስጥ፣ ጥቁር ነገር የፀሐይን ብርሃን ውጦ ወደ ሙቀት እንደሚለውጥ፣ ነጭ ነገር ግን አብዛኛውን መልሶ እንደሚሰድ በአጭሩ ተጽፎ ይገኝ ነበር፤ ከጎኑም አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ጣሳ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በሥዕል ይታዩ ነበር። ሸዋጌጥ ፊደል አልቆጠረችም። ያንን ትምህርት ያነበበው ጀርባዋ ነው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቅቤው ነበር። የወርቂቱ ቅቤ ነቀምቴ ሲደርስ ቅጠሉ ውስጥ ድቡልቡል እንዳለ ነው፤ የሸዋጌጥ ቀልጦ፣ ከቅጠሉ ሾልኮ፣ ቅርጫቱን አልፎ ይንጠባጠባል። ገበያው ዳር የቅቤ መደብ ያላት ድርቤ የምትባል ሴት ነበረች፤ ቅቤን በአፍንጫዋ መርምራ፣ በጣቷ ጫን አድርጋ የምትገዛ፣ ምላሷ የማያርፍ።

«ሸዋጌጥ፣ ይሄ ቀልጦ ተመልሶ የረጋ ነው። ከጣት ሥር እንደ እህል ፍሬ ፍሬ ይላል። ቅቤውን ተሸክመሽው ነው የመጣሽ ወይስ ተቀብተሽው?»

«መንገዱ ነው ድርቤ።»

«ወርቂቱ በየትኛው መንገድ መጣች ታዲያ? በሰማይ ነው?»

ሰው ይስቃል። ሸዋጌጥ የተሰጣትን ተቀብላ ትሄዳለች። ቅቤው በቀለጠ ቁጥር በሬው አንድ ኮረብታ አልፎ ይርቃታል።

እድሌ ነው አለች በመጀመሪያ። ኋላ የሰው ዓይን ነው አለች፤ ቅርጫቱን በነጠላዋ መሸፈን ጀመረች። ቅቤውን ከዓይንም ከፀሐይም ልሰውረው ብላ፣ ጥቁር ነጠላዋን አጥፋ አጥፋ ደራርባ አለበሰችው። የዚያን ዕለት ከወትሮው ብሶ ቀለጠ። ወርቂቱ መንገድ ላይ ቆማ ከኋላዋ ስታይ፣ የቅርጫቱ ቂጥ እንደሚያለቅስ ዓይን ይንጠባጠባል።

«አዴ፣ ቁሚ። እስኪ ነጠላውን ንኪው።»

ሸዋጌጥ ነካችው። እሳት ነው።

«አሁን የኔን ንኪ።»

የወርቂቱን ቅርጫት የሸፈነው አቡጀዲ ለብ ያለ ብቻ ነበር።

«ያንቺ ቅቤ የጥሩ ላም ቅቤ ስለሆነ ነው» አለች ሸዋጌጥ።

«ከአንዲት ሴት አይደል የገዛነው? ከአንድ ቅል እኮ ነው የወጣው።» ወርቂቱ ቅርጫቷን አወረደች። «እንለዋወጥ። ያንቺ በኔ ልብስ ሥር ይሁን፤ የኔ ባንቺ። ያኔ እድልሽ ይሁን ነጠላሽ ይታያል።»

ተለዋወጡ። ዳገቱን ጨርሰው ሲያዩ የሸዋጌጥ ቅቤ ጠንክሮ ቆይቷል፤ የወርቂቱ ቀልጧል። ወርቂቱ ኪሳራዋን እያየች ሳቀች።

«እድልሽ አይደለም፤ ነጠላሽ ነው። ደስ ይበልሽ።»

ሸዋጌጥ አልሳቀችም። በመንገዱ ዳር አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር፤ እሱ ሥር ተቀመጡ። ከብቶች መስኩ ላይ ተሰማርተዋል። ጥቁሮቹ ላሞች ቀድመው ጥላው ውስጥ ገብተው ቆመዋል፤ አንዲት ነጭ ላም ግን ፀሐዩ ላይ ሆና ሣሯን ትግጣለች።

«እያቸው» አለች ወርቂቱ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ጥቁሮቹ ይሸሻሉ፤ ነጯ ትበላለች። ላም እንኳ ቆዳዋን አልመረጠችውም። አንቺ ግን መርጠሽ ነው የለበስሽው።»

«እኔም አልመረጥሁትም።»

«ማን አለበሰሽ ታዲያ?»

 «አፌ» አለች ሸዋጌጥ።

ወርቂቱ የመሐላውን ነገር ታውቀው ስለነበር አልተከራከረችም። አንድ መላ ግን መጣላት። «ነጭ ገላዬን አይነካውም ነው ያልሽው። ቅርጫቱ አልማለም አይደል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሸዋጌጥ ቅርጫት ነጭ አቡጀዲ ለበሰ። ቅቤው በግማሽ ዳነ። ድርቤም ዝም አለች፤ ዝምታዋ ከምስጋና ይቆጠራል። ግን በግማሽ ነው የዳነው። ከላይ አቡጀዲው ይከላከላል፤ ከታች ደግሞ ቅርጫቱ የተደገፈው ያንኑ የጋለ ጥቁር ትከሻ ነው። ዳገት ስትወጣ ጎንበስ ስለምትል፣ ከሥር የቀለጠው ቅቤ በማጅራቷ በኩል ወደ ሹሩባዋ ይወርዳል። ሸዋጌጥ ላብ ይሁን ቅቤ መለየት ከተወች ቆይታለች። እንዲህ ሲደክም ሰው የራሱን ገላ ጉዳይ የሌላ ሰው ጉዳይ ያደርገዋል።

አንድ ቅዳሜ ነቀምቴ ገበያ መግቢያው ላይ የምሥራች አገኘቻት። የምሥራች ጠላ ጠማቂ ናት፤ ውሎዋ ከጎተራዋና ከጋኗ መካከል፣ ከሣር ክዳን ሥር ነው። እሷም እንደ ሸዋጌጥ ከሏን አላወለቀችም፤ በቤቷ ጥላ ውስጥ ግን ጥቁሩ ልብስ ከነጩ አይለይምና ምንም ብሏት አያውቅም። መጀመሪያ ከሩቅ ያየችው ነጩን ነው፤ የሸዋጌጥን ትከሻ የሸፈነውን። ቀረብ ስትል ማጅራቷን አየች። ያብረቀርቃል። ሹሩባዋ ሥር ድረስ ያብረቀርቃል።

ሐዘን ላይ ያለች ሴት ቅቤ አትቀባም። ይህን የማያውቅ የለም።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለች የምሥራች ድምፅዋን ሳታነሣ። «ነጭ ለበስሽ፤ ቅቤም ተቀባሽ። የቀረሽ ባል ብቻ ነው።»

«እትዬ፣ ነጩ የቅርጫቱ ነው። ቅቤውም ቀልጦብኝ ነው።»

«ቀልጦብኝ። ሰው እየገዛ የሚበላው ቅቤ ባንቺ አናት ላይ ይቀልጣል። የወንድሜ ተዝካር በጋን ይቀመጥ፣ አንቺ ቆላ እየወረድሽ ተቀቢ።»

ገበያተኛው ጆሮውን አቀና። ሸዋጌጥ ጠፍሩን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማ ሰማች።  ቅርጫቱን ድርቤ መደብ ላይ አራግፋ፣ ማጅራቷን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ቤቷ ሳትገባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

አባ ዓምደሚካኤል ከቅጥሩ ግንብ ሥር ተደግፈው ነበር። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ እንቅልፍና ጸሎት እየተምታታባቸው መጥቷል።

«አባቴ፣ ደከመኝ።»

«ማን ያልደከመው አለ ልጄ። ተቀመጪ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ነጠላውን፣ ላሞቹን፣ የቅርጫቱን አቡጀዲ፣ ማጅራቷን። አባ ዓምደሚካኤል ጺማቸውን እያሹ ሰሙ።

«ይሄን ነገር አውቀዋለሁ» አሉ። «ጥምቀት ዕለት ጥቁሩን ካባዬን ደርቤ ታቦት ስከተል፣ ነጭ የለበሱት ዲያቆናት እየዘለሉ ይሄዳሉ፤ እኔ አልቃለሁ። የእርጅና ነው ይሉኛል። እርጅናም አለበት፤ ካባውም አለበት።» መስቀላቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «ስትምዪ ግን በሬ ያልሽው ለምንድን ነው? ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«መሸሻስ በሬ ይወድ ነበር?»

ሸዋጌጥ ሳታስበው ፈገግ አለች። «ሽሮ ነበር የሚወደው።»

«እንግዲህ። ተዝካር ነፍስ የሚታሰብበት፣ ድሃ የሚበላበት ነው። ቁራሽ ዳቦና አንድ ማሰሮ ጠላም ተዝካር ነው። ስለ በሬው ንስሐ እሰጥሻለሁ፤ ትሰግጂያለሽ። ከሉ የአገር ልማድ ነው፤ እሱን እኔ አላሰርሁትም፣ እኔም አልፈታውም። ከዘመዶቹ ጋር ተስማሚ። ሳትስማሚ ብታወልቂው ከፀሐዩ የባሰ ነገር ነው የሚያገኝሽ።»

አሁን ነገሩ ሁሉ አንዲት ሴት አፍ ላይ ቀረ። የምሥራች እሺ ካለች ሸዋጌጥ ትፈታለች፤ እምቢ ካለች ከሉን ለብሳ፣ ቅቤ እያቀለጠች፣ የማይደርስ በሬ ስትጎትት ትኖራለች።

ማምሻውን ሄዳ ነገረቻት። የምሥራች ጋን እያጠነች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«በአንድ ማሰሮ ጠላ? መሸሻን? ሬሳውን የተሸከመው ሰው እንኳ ያን ያህል ጠጥቷል።»

«አባ ይበቃል ብለዋል እትዬ።»

«አባ አርጅተዋል። እኔ የምልሽን ስሚ፤ ከሉ ምንም አላደረገሽም። ስንፍና ነው። መጪው ገበያ እኔ ራሴ አብሬሽ እወርዳለሁ። በከሌ ተሸክሜ ሳይቀልጥ አምጥቼ አሳይሻለሁ። በሬውም ይገዛል።»

እንዳለችውም አደረገች። ዲጋ ወርቂቱ ቤት ሲገቡ ወርቂቱ ወፍራሟን እንግዳ በአክብሮት ተቀበለቻት፤ አልጋዋንም ለቀቀችላት። ማለዳ ቁልቁለቱን ሲወርዱ የምሥራች ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር። ብርድ ነው፤ ፀሐይዋም ለጋ ናት፤ ጀርባዋ ሲሞቃት፣ «እንዴት ደስ ይላል፤ እናንተ ቆላ ቆላ የምትሉት ይሄንን ነው?» አለች። ወርቂቱ ለሸዋጌጥ ጠቀሰቻት። ሸዋጌጥ ግን ዓይኗን አሸሸች።

ቅቤው ተገዛ። የምሥራች ከሁሉም ከበድ ያለውን መርጣ፣ በጥቁር ነጠላዋ ሸፍና አዘለች። ወርቂቱ ነጭ ጨርቅ ልታቀብላት እጇን ብትዘረጋ፣ «ተይው፤ እኔ አልተማርሁም እንዲህ ያለ ዘመናዊነት» ብላ መለሰችላት።

ዳገቱ ተጀመረ። መጀመሪያ ታወራ ነበር፤ ስለ ጌሾ፣ ስለ ብቅል፣ ስለ መሸሻ ልጅነት። ከዚያ ወሬዋ አጠረ። ከዚያ ቆመ። ፀሐይ አናታቸው ላይ ስትደርስ ሸዋጌጥ ከኋላ ሆና የምሥራችን ጀርባ ታይ ነበር፤ ጥቁሩ ቀሚስ በላብ ርሶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ሲርስ። ሦስት ዓመት ሙሉ የራሷን ጀርባ አይታው አታውቅም ነበር። እንዲህ ኖሯል ለካ የምመስለው፣ አለች በልቧ። ቂም የያዘችባት ሴት እንደሆነች ረስታ አዘነችላት።

«እትዬ፣ እንረፍ?»

«አልደከመኝም።»

ጥቂት ሄደው የምሥራች ቀኝ እጇን አንሥታ ማጅራቷን ዳሰሰች። እጇን መልሳ አየችው። ቆመች። ቅቤ ነው። ከነጠላው ሥር ሾልኮ፣ በማጅራቷ ወርዶ፣ ሹሩባዋ ውስጥ ገብቷል፤ በጆሮዋ ግንድ በኩልም ወደ ጉንጯ እየወረደ ነው።

ወርቂቱ ከንፈሯን ነክሳ ቆይታ አልቻለችም። «አዴ የምሥራች፣ እርስዎም ተቀቡ እንዴ?»

መንገዱ ላይ ሌሎች ገበያተኞች ነበሩ፤ ሁለት ሽማግሌዎች አህያቸውን እየነዱ አልፈው ዞር ብለው አዩ። ጥቁር የለበሰች ሐዘንተኛ፣ አናቷ በቅቤ የወዛ። የምሥራች አስተያየታቸውን አወቀችው፤ እሷም ባለፈው ቅዳሜ ገበያ መግቢያው ላይ ያየችው እንዲያው ነበር። ጠፍሩን ከትከሻዋ ልታወርድ ስትሞክር ከነቅርጫቷ ተንገዳግዳ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። ፊቷ ወይቧል።

ሸዋጌጥ የራሷን ቅርጫት አስቀምጣ፣ የምሥራችን ደግፋ ከአንድ ቁጥቋጦ ጥላ ውስጥ አስገባቻት። ወርቂቱም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ከቅሏ ውሃ አጠጣቻት፤ በአቡጀዲዋ ጫፍ ማጅራቷን ጠረገችላት። «ጃባዹ፣ አይዞዎት» አለቻት።

 ንቦች ቅቤውን ሽተው መጥተው ይዞራሉ።

«በዚህ መንገድ ነው መሸሻ ሲመላለስ የኖረው?» አለች የምሥራች ድንገት።

«በዚሁ ነው።»

«ነግሮኝ አያውቅም።» ዓይኗን በከሏ ጫፍ ጠረገች፤ የጠረገችው ቅቤውን ይሁን እንባውን ሸዋጌጥ አልጠየቀችም። «ወንድሜን ቆላ በላው እላለሁ ሁልጊዜ። ቆላን አይቼው አላውቅም ነበር።»

ቅቤው ዕለቱን ሁሉ ቀለጠ። ያን ዕለት ሸዋጌጥ የራሷን ቅርጫት ተሸክማ፣ የምሥራችን ቅርጫት ደግሞ ከወርቂቱ ጋር እየተቀባበለች ነው ዲጋ የደረሰችው። የምሥራች ባዶ ትከሻዋን ይዛ ከኋላ ተከተለቻቸው። ወርቂቱ ቤት ከገቡ በኋላ፣ ራት ቀርቦ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «በሬው ይቅር» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ይቅርታም አልጠየቀችም፤ የዚያ ዘመን ሰው ታናሹን ይቅርታ የሚጠይቀው በቃል አይደለም።

ተዝካሩ ጾም ባልሆነበት ቅዳሜ ወጣ። ጠላውን የጠመቀችው የምሥራች ናት፤ አንድ ማሰሮ ሳይሆን ከጋን አሳልፋ ጠመቀች። ዳቦ ተቆረሰ፤ ዶሮ ተሠራ፤ ሽሮውም ቅቤ አልጎደለበትም። አባ ዓምደሚካኤል ፍትሐቱን አደረሱና፣ ከበረንዳው ጥላ ሥር ካባቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ወርቂቱም ከዲጋ መጥታ፣ ከማኅበርተኞቹ ፈንጠር ብላ ከድርቤ ጋር አብራ በላች፤ ድርቤ እንኳ ያን ቀን ቅቤውን አላሸተተችም። ማታ ሰው ሲበተን የምሥራች ከጓዳ አዲስ የአቡጀዲ ቀሚስ አውጥታ ለሸዋጌጥ ሰጠቻት።

«እርስዎስ እትዬ?»

«እኔ ጥላ ውስጥ ነው የምውለው። ለኔ ይቆይልኝ።»

በሚቀጥለው ገበያ ሸዋጌጥ ነጭ ለብሳ ቁልቁለቱን ወረደች። ማለዳውን በረዳት፤ ትከሻዋን ወርቂቱ ላይ አስጠጋች፤ አሁን ሁለቱንም የሚያሞቃቸው የለም። ቀትር ላይ ቅቤዋን አዝላ ዳገቱን ጀመረች። ፀሐዩ ያው ነው፤ መንገዱም ያው ነው፤ ጉልበቷም አልታደሰም። ግን ቀሚሱ ገላዋ ላይ አልነደደም። ቅቤው ኮባው ውስጥ እንደተድቦለቦለ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጀርባዋ ላይ የምትረግመው ነገር አልነበረም።

ያን ጊዜ መሸሻ መጣባት። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚህ ዳገት ላይ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ቅቤው፣ ስለ በሬው ነበር የምታስበው፤ ስለ እሱ ለማሰብ ትንፋሽ አልነበራትም። ከበቅሎው ጎን ሲሄድ የሚያፏጨውን፣ ዳገት ላይ በቅሎዋን «አይዞሽ እመቤት» የሚላትን፣ ቤት ሲገባ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚያንቀላፋውን አሰበች። እንባዋ መጣ፤ አላቆመችውም፤ መንገዱንም አላቆመችም።

ወርቂቱ ቀድማ ዋርካው ሥር ደርሳ ዞር ስትል አየቻት። አልጠራቻትም። ቅርጫቷን አውርዳ፣ አጠገቧ ለሌላ ቅርጫት የሚሆን ቦታ በእጇ ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ እስክትደርስ ጠበቀቻት።